የአኪሊስ ጅማት ከነቆዳው ሲጠፋ፦ ሐኪሞች የተረከዝን ጀርባ መልሰው የሚሠሩት እንዴት ነው?

የባት ጡንቻን ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዘው የአኪሊስ ጅማት በሰው ገላ ውስጥ ካሉት ጅማቶች ሁሉ ወፍራሙና ጠንካራው ነው። ሰው ሲራመድ፣ ዳገት ሲወጣ፣ በጣቶቹ ሲቆም ወይም ሲሮጥ ገላውን ወደፊት የሚገፋው ኃይል የሚተላለፈው በእርሱ በኩል ሲሆን፣ በሩጫ ጊዜ ከሰውየው ክብደት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጫና ይሸከማል። ይህ ጅማት ቆዳው ሳይቀደድ ከውስጥ ቢበጠስ ሕክምናው የታወቀና የተለመደ መንገድ አለው። ከላዩ ካለው ቆዳ ጋር አብሮ ሲጠፋ ግን ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። በዚያን ጊዜ የታካሚውን እግር ዕጣ አስቀድሞ የሚወስነው ጅማቱ እንዴት ተሰፋ የሚለው ጥያቄ አይደለም፤ ቁስሉ በሕያው ቆዳ ተሸፈነ ወይ፣ መቼስ ተሸፈነ የሚለው ነው።

የጅማቱ ስም ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.አ.አ በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያጠለቀው ይኸው ጅማቱ እያመመው ሲሆን፣ ከውድድሩ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። የሯጮች የአኪሊስ ሕመም ግን በአብዛኛው ከድካም ብዛት የሚመጣ፣ ቆዳን የማይነካ ሕመም ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ጅማትንና ቆዳን በአንድነት የሚወስደው ከባድ አደጋ፣ ከዚያም የሚከተለው የመልሶ ግንባታ ቀዶ ሕክምና ነው።

ስስ ቆዳ፣ ጥቂት ደም

ጅማቱን በግሪክ አፈ ታሪክ ጀግና በአኪሊስ ስም የጠራው ፊሊፕ ቨርሄይን የተባለ የፍላንደርስ ተወላጅ የአካል ጥናት ሊቅ ሲሆን፣ ስያሜው የተገኘው እ.አ.አ በ1693 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ነው። ቨርሄይን ራሱ በወጣትነቱ አንድ እግሩ የተቆረጠበት ሰው ነበር። በአማርኛ “ጅማት” የሚለው ቃል ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውንም ሆነ አጥንትን ከአጥንት የሚያጣብቀውን ስለሚያጠቃልል፣ እዚህ የሚነገረው ስለ ፊተኛው መሆኑን መለየት ያሻል።

ጅማቱ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ደም የሚያገኘው ከሦስት አቅጣጫ ነው፤ ከላይ ከባት ጡንቻ፣ ከታች ከተረከዝ አጥንት፣ በመካከልም ዙሪያውን ከሸፈነው እርጥብና ስስ ሽፋን። ከተረከዝ አጥንቱ በላይ ከሁለት እስከ ስድስት ሳንቲ ሜትር ባለው ክፍል የደሙ አቅርቦት ከሌላው ሁሉ ያንሳል። አብዛኛው የመበጠስ አደጋ የሚደርሰውም በዚያው ቦታ ነው።

ከላዩ ያለው ቆዳም ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም። በጭን ወይም በባት ላይ ቆዳ ቢነሣ ከሥሩ ወፍራም፣ በደም የራሰ ጡንቻ ይገኛል፤ ቁስሉም በራሱ ጊዜ ሥጋ እየሞላ ይመጣል። በተረከዝ ጀርባ ግን ቆዳውን የሚከተለው ጥቂት ስብ፣ ከዚያም ነጭ ጅማት ብቻ ነው። ቆዳው ስስ ነው፣ ሲጎትቱት እንደ ሆድ ቆዳ አይለጠጥም፣ በጫማ ይፈጋል፣ በእያንዳንዱ እርምጃም ይታጠፋል። ስለዚህ የሁለት ጣት ስፋት ያለው ክፍት ቁስል እንኳ ጠርዝና ጠርዙን አገናኝቶ ለመስፋት አስቸጋሪ ይሆናል። በግድ ተጎትቶ የተሰፋ እንደሆነም ጠርዙ ደም አጥቶ ይጠቁራል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ጅማቱ ለአየር ይጋለጣል፤ የተጋለጠ ጅማት ይደርቃል፤ የደረቀ ጅማት ይሞታል፤ የሞተው ደግሞ ለተህዋስያን ምቹ ማደሪያ ይሆናል።

አደጋው የሚመጣባቸው መንገዶች

በእስያና በአፍሪካ አገሮች ከሚታዩት መንስኤዎች ቀዳሚው የሞተር ሳይክል ጎማ ነው። ከኋላ የተፈናጠጠ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜም ልጅ፣ እግሩን ወደ ውስጥ ሲያስገባ በጎማው መካከል ያሉት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ተረከዙን ይይዙታል። ጉዳቱ እንደ ቢላዋ ቁርጥ ንጹሕ አይደለም። ዘንጎቹ ይቆርጣሉ፣ ጎማው ይፈጋል፣ በጎማውና በሞተሩ አካል መካከል የገባው እግርም ይጨፈለቃል። በመጀመሪያው ቀን ጤነኛ የሚመስለው ቆዳ በሦስተኛው ቀን ጠቁሮ መገኘቱ የተለመደ የሚሆነውም በዚህ የተነሣ ነው። ለልጅ የሚመች የእግር ማሳረፊያና ጎማውን የሚከልል መሸፈኛ ይህን ጉዳት በብዛት ያስቀራሉ።

የመኪና አደጋ፣ የሣር ማጨጃ ማሽን፣ የተሰበረ መስታወት፣ ጥይትና ፈንጂ፣ ቃጠሎም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳሉ። ቁጢጥ ተብሎ የሚቀመጥበት የሴራሚክ መጸዳጃ ድንገት ሲሰበር ስለታም ጠርዙ የተረከዝን ጀርባ እንደሚቆርጥም በሕክምና መጽሔቶች ተደጋግሞ ተጽፏል።

አንዱ መንገድ ግን ከሆስፒታሉ ከራሱ ይመጣል። ቆዳው ሳይቀደድ የተበጠሰ ጅማት በቀዶ ሕክምና ሲጠገን፣ ስፌቱ የሚያርፈው በዚያው ደም በሚያንሰው ቆዳ ላይ ነው። ስኳር ሕመም ያለበት፣ ሲጋራ የሚያጨስ ወይም ስቴሮይድ የተባለውን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ቁስሉ የመከፈቱና የማመርቀዙ ዕድል ከፍ ይላል። በበለጸጉት አገሮች ወደ መልሶ ግንባታ ሐኪሞች ከሚላኩት ታካሚዎች ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ታሪክ ያላቸው ናቸው። ቆዳው ያልተቀደደ ብጥስ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ እግርን በልዩ ጫማ ወይም በጀሶ በመያዝ፣ ወዲያውም ቀስ በቀስ በማንቀሳቀስ እንዲድን ማድረግ ባለፉት ዓመታት የተስፋፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው የቁስል ጣጣ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

በአደጋው ቦታ የሚደረገው ጥቂት ነው፤ ጥቂት መሆኑም ይጠቅማል። ደሙን በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ማቆም፣ እግሩን ሳያጣምሙ መደገፍ፣ ተንጠልጥሎ የቀረ ቆዳ ካለም ቆርጦ ሳይጥሉ ወደ ቦታው መልሶ መሸፈን። በብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰቦች ዘንድ የታወቀው ቡና በቁስል ላይ መነስነስ ደሙን ያቆመ ቢመስልም ሐኪሙ በኋላ ከጅማቱ ላይ እየለቀመ ሊያጥበው የሚገባ ባዕድ ነገር ይጨምራል። ወጌሻ ለውልቃት የለመደ እጅ ሊኖረው ይችላል፤ ክፍት ቁስል ያለበትን እግር በቀርከሃ ወይም በጨርቅ አጥብቆ ማሰር ግን ቀድሞ ያነሰውን ደም ጨርሶ ሊያስቀረው ይችላል። ጠብቆ በመታሰሩ ብቻ እግሩ ሞቶ የተቆረጠበት ሰው በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የሚታወቅ ታሪክ ነው።

ሆስፒታል ሲደርስ የመጀመሪያው አደጋ ጅማቱ መበጠሱ ሳይታወቅ መቅረቱ ነው። ታካሚው እግሩን ወደ ታች ሊገፋ ስለሚችል ሐኪሙም ታካሚውም ጅማቱ ደኅና ነው ብለው ሊያስቡ ይችላሉ። ይህን እንቅስቃሴ ግን ከጎንና ከውስጥ የሚያልፉ ሌሎች ጅማቶችም በደካማው ያከናውኑታል። ለዚህ ቀላል መመርመሪያ አለ። ታካሚው በሆዱ ተኝቶ እግሩ ከአልጋው ጠርዝ ሲንጠለጠል ሐኪሙ ባቱን ይጨምቀዋል፤ ጅማቱ ካልተበጠሰ መርገጫው ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፣ ከተበጠሰ ግን ዝም ይላል። መሣሪያም ገንዘብም አይጠይቅም።

ከዚያ አንቲባዮቲክ በደም ሥር ይሰጣል፣ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያም ይወጋል፤ ቁስሉ በብዙ ውኃ ታጥቦ የሞተው ሥጋ ሁሉ በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ተቆርጦ ይወጣል። የሞተን ሥጋ ቆርጦ ማውጣት ተራ ዝግጅት ይመስላል፤ በእውነቱ የሥራው ሁሉ መሠረት ነው። ለጅማቱ የራራ ሐኪም ግራጫ የሆነውን ቃጫ ትቶት ቢያልፍ፣ ከላይ የሚያለብሰው ቆዳ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ከሥሩ መግል ይቋጥራል። ጉዳቱ የጨፈለቀ ዓይነት ከሆነም በአንድ ጊዜ ጽዳት አይበቃም፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ዳግመኛ ተከፍቶ ይታያል።

በእነዚህ ቀናት መካከል ቁስሉን የሚጠብቀው በስፖንጅና በፕላስቲክ ተሸፍኖ በማሽን አየር የሚመጠጥበት ዘዴ ነው። አሜሪካውያኑ ሉዊስ አርጀንታና ማይክል ሞሪክዋስ እ.አ.አ በ1997 በጥናት ካስተዋወቁት ወዲህ በዓለም ተሠራጭቷል። ፈሳሹን ይመጣል፣ እብጠቱን ይቀንሳል፣ ሥጋ እንዲበቅልም ያግዛል። ሆኖም የጊዜ መግዣ እንጂ የቆዳ ምትክ አይደለም። ማሽኑ በእግሩ ላይ ለሳምንታት ተሰክቶ የቀረ ታካሚ ጅማቱን በዝግታ እያጣ ሊሆን ይችላል።

የ72 ሰዓቱ ጥናት

ጊዜ ለምን ይህን ያህል እንደሚከብድ ያሳየው የስሎቬንያው ሐኪም ማርኮ ጎዲና ነው። ጎዲና በሉብሊያና ያከማቸው የ532 ታካሚዎች መረጃ የታተመው እ.አ.አ በ1986 ሲሆን፣ እርሱ ግን በዚያው ዓመት በመኪና አደጋ ሕይወቱ ስላለፈ ሥራው ያስገኘውን ለውጥ አላየም። ከአደጋው በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ቁስላቸው ከሌላ የገላ ክፍል በመጣ ሕያው ቆዳና ሥጋ ከተሸፈነላቸው ታካሚዎች መካከል የተዛወረው ሥጋ የሞተባቸው 0.75 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ72 ሰዓት እስከ ሦስት ወር በዘገዩት ላይ ቁጥሩ ወደ 12 በመቶ ወጣ። ኢንፌክሽንም ከ1.5 በመቶ ወደ 17.5 በመቶ አሻቀበ።

ጥናቱ ስለ አኪሊስ ጅማት ብቻ የተሠራ አልነበረም፤ በልዩ ልዩ የእጅና የእግር ጉዳቶች ላይ የተመሠረተ ነው። ዛሬ ያሉት የቁስል መሸፈኛዎችና መድኃኒቶችም ገደቡን በመጠኑ አላልተውታል። ነገር ግን ቶሎ ማጽዳትና ቶሎ መሸፈን የሚለው ሐሳብ እንደጸና ነው። በብሪታንያ የአጥንትና የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ማኅበራት በጋራ ያወጡት መመሪያ አጥንት ለተሰበረባቸው ክፍት የእግር ጉዳቶች ቁስሉ በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲሸፈን የሚያዝዝ ሲሆን፣ ሁለቱ ሐኪሞች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታካሚውን አብረው እንዲያዩትም ይጠይቃል።

ቆዳ መትከል ብቻውን ለምን አይበቃም?

ብዙ ታካሚዎችና ቤተሰቦች የሚጠይቁት ጥያቄ ይህ ነው፤ ከጭን ላይ ስስ ቆዳ ተነሥቶ በቃጠሎ ላይ እንደሚለጠፈው ለምን አይለጠፍም? መልሱ ከደም ጋር የተያያዘ ነው። የሚለጠፍ ስስ ቆዳ ከነበረበት ሲነሣ የደም ሥሩ ይቋረጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚኖረው ከሥሩ ካለው ሥጋ እርጥበት እየመጠጠ ነው፤ ከዚያም ጥቃቅን የደም ሥሮች ከታች ወደ እርሱ ያድጋሉ። ከሥሩ ያለው ሽፋኑ የተላጠ ራቁት ጅማት ከሆነ የሚመጠጥ እርጥበትም የሚያድግ የደም ሥርም ስለማይኖር ቆዳው እንደ ወረቀት ደርቆ ይነሣል። የጅማቱ ስስ ሽፋን ሳይነካ ከተረፈ ግን ይህ ቀላል ዘዴ ሊሠራ ይችላል። ያን ጊዜም ቢሆን የተለጠፈው ቆዳ ከጅማቱ ጋር ተጣብቆ እንቅስቃሴውን ይይዘዋል፤ ለጫማ ፍጊያም አይጸናም።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ከነደም ሥሩ የሚዛወር ቆዳ ነው፤ ሐኪሞች “ፍላፕ” ይሉታል። ከነሥሩና ከነአፈሩ ተነቅሎ እንደሚተከል ችግኝ ሲሆን፣ ምግቡን ይዞ ስለሚመጣ በራቁት ጅማት ላይም ቢያርፍ ይኖራል። እንዲያውም ከሥሩ ላለው የራሱን ደም ያካፍላል።

ከቅርብ ወይስ ከሩቅ?

ከቅርብ ከሚመጡት መካከል በዓለም ላይ እጅግ የተለመደው ከባት ጀርባ የሚነሣው ነው። በባት መካከል ቁልቁል የሚወርድ አንድ የስሜት ነርቭ አለ፤ እርሱን ተከትለው የሚሄዱ ጥቃቅን የደም ሥሮችም ቆዳውን ይመግባሉ። ሐኪሙ ከላይኛው ባት ላይ እንደ ደሴት የተከበበ ቆዳ ቆርጦ ከነነርቁና ከነደም ሥሩ ያነሣዋል፤ ታችኛው ጫፍ ሳይቆረጥ ይቀራል። ከዚያም ቆዳውን ገልብጦ ወደ ተረከዝ ያወርደዋል። መዞሪያው ከውጭኛው የቁርጭምጭሚት እብጥ በላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ላይ ሲሆን፣ ደሙ ወደ ቆዳው የሚገባው በዚያ በኩል ስለሆነ ከዚያ በታች መቁረጥ አይፈቀድም። ሐሳቡ እ.አ.አ በ1983 በዶንስኪና በፎግደስታም በስካንዲኔቪያ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው አላን ማስክሌና ባልደረቦቹ የደም አቅርቦቱን እ.አ.አ በ1992 አብራርተው ከጻፉ በኋላ በመላው ዓለም ተሠራጨ።

የዚህ ዘዴ ታላቅ ብልጫ ማይክሮስኮፕ አለመጠየቁ ነው። በተራ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ፣ በአንድ ሐኪምና በአንድ ረዳት፣ በጥቂት ሰዓታት ይጠናቀቃል። ዋጋውም አለው። ነርቩ ስለሚቆረጥ የእግሩ ውጫዊ ጎን ይደነዝዛል። ቆዳው የተነሣበት ባት ላይ ጠባሳ ይቀራል። ደም ወደ ተገለበጠው ቆዳ ቢገባም መልሶ ለመውጣት ይቸገራል፤ ቆዳው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወይን ጠጅ መስሎ ሊያብጥና ጫፉ ሊሞት ይችላል። በስኳር ሕመምተኞች፣ በአጫሾችና የደም መልስ ሥራቸው በተዳከመ አረጋውያን ላይ ይህ ይብሳል።

ቁስሉ ሰፊ ሲሆን ወይም በባቱ ላይ ያለው ቆዳ አብሮ ሲጎዳ መፍትሔው ከሩቅ ይመጣል። ሐኪሙ ከጭን፣ ከክንድ ወይም ከብሽሽት ቆዳን ከነደም ሥሩ ጨርሶ ቆርጦ ያወጣና በእግሩ ላይ ካሉት ደም ቅዳና ደም መልስ ቧንቧዎች ጋር በማይክሮስኮፕ እያየ ይሰፋዋል። የሚሰፉት ቧንቧዎች ስፋታቸው ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ነው፤ ክሩም ከሰው ፀጉር ይቀጥናል። ሮሊን ዳንኤልና ኢያን ቴይለር በአውስትራሊያዋ ሜልበርን ከብሽሽት የተወሰደ ቆዳን በዚህ መንገድ ወደ አንድ ታካሚ እግር ማዛወራቸውን የጻፉት እ.አ.አ በ1973 ነው። ልምድ ባላቸው ማዕከላት ዛሬ ከመቶው ከ95 በላይ የሚሆኑት ይሳካሉ። ያልተሳካ እንደሆነ ግን ግማሽ የለውም፤ ቧንቧው በረጋ ደም ከተደፈነና በሰዓታት ውስጥ ካልተከፈተ የተዛወረው ሥጋ በሙሉ ይሞታል። ነርሶች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሌሊቱን ሁሉ በየሰዓቱ ቀለሙንና ሙቀቱን የሚፈትሹት ስለዚህ ነው።

የጠፋውን ጅማት መተካት

ቆዳው ከተገኘ ቀጣዩ ጥያቄ የጅማቱ ክፍተት ስፋት ነው። ክፍተቱ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ከሆነ ጫፍና ጫፉን አገናኝቶ መስፋት ይቻላል። ከዚያ ሲሰፋ ከላይ ያለውን የጡንቻ ሽፋን በተገለበጠ የ“ቪ” ፊደል ቅርጽ ቆርጦ ወደ ታች ማንሸራተት፣ ወይም ከላይኛው ጅማት ላይ ዘለላ ገንጥሎ እንደ ማሰሪያ መገልበጥ ይመረጣል። ከአምስት ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ ከሌላ ቦታ ጅማት መበደር ግድ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ አበዳሪው አውራ ጣትን የሚያጥፈው ረጅም ጅማት ነው። ይህ ጅማት ለአኪሊስ ጎረቤት ነው፤ የራሱ ብርቱ ጡንቻ አለው፤ በእርምጃ ጊዜም ከባት ጡንቻ ጋር አብሮ ይሠራል። ታካሚው አውራ ጣቱን በኃይል ማጠፍ ያቅተዋል እንጂ ለመራመድ ብዙም አይቸገርም።

ማይክሮስኮፕ ያላቸው ማዕከላት ደግሞ ቆዳንና ጅማትን በአንድ ጊዜ ያመጣሉ። ከጭን የፊትና የውጭ ጎን የሚነሣው ቆዳ፣ ቻይናዊው ሶንግ ዬጉዋንግና ባልደረቦቹ እ.አ.አ በ1984 ያስተዋወቁት፣ ከሥሩ ነጭና ብርቱ የሆነ የጡንቻ ሽፋን ይከተለዋል። ሽፋኑ ከቆዳው ሳይለይ ተነሥቶ እንደ ምንጣፍ ይጠቀለላል፤ ከላይ ከባት ጡንቻ፣ ከታች ከተረከዝ አጥንት ጋር ይሰፋል። የተረከዝ አጥንት ጭምር በጠፋበት ጊዜ ደግሞ የታይዋኑ ፉ-ቻን ዌይና ባልደረቦቹ እ.አ.አ በ1988 እንደገለጹት ከብሽሽት አካባቢ ቆዳን፣ የሆድ ጡንቻን ጠንካራ ሽፋንና የዳሌ አጥንት ቁራጭን በአንድነት ማዛወር ይቻላል። እነዚህ ሰው ሠራሽ ጅማቶች ደም ስለሚያገኙ ኢንፌክሽንን ይቋቋማሉ፤ ደም ከሌለው ከሬሳ ከተወሰደ ወይም ከፋብሪካ ከመጣ ምትክ የሚበልጡትም በዚህ ነው።

ጅማቱ ባይተካስ?

በዚህ መስክ ሐኪሞችን ከሚያከራክሩት ጉዳዮች የሚያስገርመው ይህ ነው። በኢንፌክሽን ምክንያት ጅማታቸው በሙሉ ተቆርጦ የወጣ፣ ከዚያም ቁስላቸው በፍላፕ ብቻ ተሸፍኖ ጅማት ያልተተካላቸው ታካሚዎች ከወራት በኋላ መራመድ፣ አንዳንዶቹም በሁለት እግራቸው ጣቶች መቆም ችለው ተገኝተዋል። በጅማቱ ቦታ ጠንካራ ጠባሳ አድጎ፣ ባትንና ተረከዝን እንደ ገመድ አያይዞ ነበር። ሌሎቹ የእግር ጅማቶችም ሸክሙን ተጋርተዋል።

ይህ ለወጣት ሠራተኛ ወይም ለስፖርተኛ የሚመከር መንገድ አይደለም። በአንድ እግር ጣቶች የመቆም ኃይል ያለ ጅማት እምብዛም አይመለስም። ለአረጋዊት፣ ለስኳር ሕመምተኛ ወይም ሦስተኛና አራተኛ ቀዶ ሕክምና ለማይሸከም ሰው ግን ቁስሉን ዘግቶ ማቆም ከሁሉ የተሻለው ውሳኔ ሊሆን ይችላል። ደኅና ቆዳ ለብሶ ያለ ጅማት የቀረ እግር ይራመዳል። የተዋጣለት ጅማት ተሠርቶለት ቆዳው የተከፈተ እግር ግን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይመለሳል፣ አንዳንዴም ለመቆረጥ።

በአዲስ አበባና በውጭ አገር

በኢትዮጵያ የመልሶ ግንባታ ቀዶ ሕክምና ከሥጋ ደዌ ጋር የተያያዘ የቆየ ታሪክ አለው። በአዲስ አበባ የሚገኘው አለርት በሥጋ ደዌ ምክንያት የተንጠለጠለ እግርን ለማንሣት ጅማት የማዛወር ቀዶ ሕክምና ሲሠራና ሲያስተምር የኖረ ተቋም ነው። የየካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎና የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ክፍል፣ አቤት ሆስፒታል፣ ጥቁር አንበሳም እንዲህ ያሉ ታካሚዎች የሚላኩባቸው ናቸው። ስማቸው እንደሚያሳየው አብዛኞቹ በመዲናይቱ ናቸው። ከሩቅ ክልል ጉዳተኛ ይዞ የሚነሣ ቤተሰብ 72ቱን ሰዓት በመንገድና በመላላክ ሊፈጀው ይችላል። ማይክሮስኮፕ የማይጠይቀው የባት ፍላፕ በእንዲህ ያለ አገር ከፍ ያለ ዋጋ የሚኖረውም ለዚህ ነው፤ የሠለጠነ እጅ ካለ በክልል ሆስፒታልም ሊሠራ ይችላልና።

በውጭ አገር ለሚኖር ታካሚ የሚቸግረው ርቀቱ ላይሆን ይችላል፤ ቋንቋው ግን ይከብዳል። ከጭኑ ቆዳ እንደሚነሣ፣ ነርቭ እንደሚቆረጥ፣ ካልተሳካም ምን እንደሚከተል ሳይረዳ የስምምነት ወረቀት መፈረም የለበትም። በአሜሪካ የፌደራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ልጅን ለወላጅ አስተርጓሚ ማድረግ በእንዲህ ያለ ውሳኔ ላይ ለሁለቱም ከባድ ነው። ለሐኪሙ ቀድሞ ሊቀርብ የሚገባው ጥያቄም አለ፤ በዚህ ሆስፒታል የአጥንትና የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች አብረው ይሠራሉ ወይስ ወደ ሌላ መላክ ያስፈልጋል?

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደንብ ቀላል ይመስላል፤ እግር ከልብ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ተረከዝ አልጋ አይነካም፣ ሲጋራ ፈጽሞ አይጨስም። ኒኮቲን ጥቃቅን የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ አንድ ሲጋራ እንኳ አዲሱን ቆዳ ሊጎዳው ይችላል። ከሩቅ ለተዛወረ ፍላፕ እግርን ወደ ታች ማንጠልጠል የሚጀመረው በሐኪም ትእዛዝ፣ በቀን ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ፣ ቀስ በቀስም እየረዘመ ነው።

ጅማቱ የተጠገነለት ሰው እግሩ ጣቶቹ ወደ ታች እንዳዘነበሉ በጀሶ ወይም በድጋፍ ለስድስት ሳምንት ያህል ይያዛል፤ በየሁለት ሳምንቱም ወደ ቀጥታ ይመለሳል። ክራንች ለወራት አይቀርም። ከዚያ ፊዚዮቴራፒው ይጀምራል፤ ከሁሉም አድካሚው እርሱ ነው፤ ቶሎ የሚተወውም እርሱ ነው። ኮስሶ የቀረ ባት በወር አይመለስም፤ ኃይሉ እስከ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ድረስ እየተሻሻለ ይሄዳል፤ ከጤነኛው እግር ጋር እኩል የሚሆነው ግን ጥቂቱ ነው።

ከጭን የመጣ ቆዳ በተረከዝ ላይም ሆኖ የጭን ጠባዩን አይተውም። ሰውየው ሲወፍር እርሱም ይወፍራል፤ ፀጉር የሚያበቅል ከነበረም ያበቅላል። ጫማ እምቢ ሲል ከስድስት ወር በኋላ ስቡን የሚያሳንስ ትንሽ ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። ከሁሉ በላይ ግን አዲሱ ቆዳ በአብዛኛው ስሜት የለውም። የጫማ ስፌት ቢልጠው፣ እሳት አጠገብ ቢቃጠል፣ በክረምት የማሞቂያ ቧንቧ ቢነካው ባለቤቱ አያውቅም። ስለዚህ ታካሚው ማታ ካልሲውን ሲያወልቅ የተረከዙን ጀርባ በመስታወት እንዲያይ፣ ካልሆነም የቤተሰብ ሰው እንዲያይለት ይመከራል፤ ቅላት ወይም ልጣጭ ከታየም ጫማው ያን ዕለት ይቀየራል።